ሃምሳ አምስት ማይል ላይ የሚንቀጠቀጥ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪና ልታሳየኝ እዚህ ሳን ሆዜ ድረስ መጥታ ከቤት አስወጣችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው መኪናውን ሲያሳየኝ ደስ ይለኛል፤ ጉልበቴ ግን ከሥር እንድገባ አይፈቅድልኝም። ይቺ መኪና ደግሞ ከሥሯ ቢገቡም የሚታይ ነገር የላትም። ሞተር የለ፣ ካምቢዮ የለ፣ የሚንጠባጠብ ዘይት የለ። እንደ ልማዴ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። «ዳድ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» አለችኝ። «እያዳመጥኩ ነው» አልኳት። «ናቲንግ ቱ ሂር!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ፍሪዌዩን ይዘን ወደ ሰሜን በሰባ ማይል ፍጥነት ስንነዳ እግሬ ሥር የነበረው ዝምታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በእኔ ጊዜ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ምን በልቼ አድር እንደነበር አላውቅም።

ፍሪሞንት ላይ ቻርጅ ልታደርግ ቆመች። ነገሩ ጊዜ ስለሚወስድ ወርጄ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ከማቆሚያው ጥግ አንድ ሰውዬ አሮጌ ፒክአፑን በክሪክ አንስቶ፣ የኋላውን ዲፈረንሻል ከፍቶ ዘይቱን ባልዲ ውስጥ ያንጠፈጥፋል። ያ ዘይት ሲያረጅ ሽታው ከሌላ ዘይት ጋር አይገናኝም፤ የገማ እንቁላል ላይ የተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት የጨመሩበት ይመስላል። ሊያ አፍንጫዋን ይዛ «ኢው! ዳድ፣ ካም ባክ!» ትለኛለች። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ደጋግሜ ሳብኩት። ስንት ዓመት እራቴን የበላሁት ይህ ሽታ ከእጄ ሳይለቅ ነው፤ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና «የታጨሁት ላንተ ነው ወይስ ለዘይቱ?» ትለኝ ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና እንግዳ ነገር ያገኘ ይመስል ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩለት፤ ሐሳቤ ግን ከእሱ ጋር አልነበረም። እትዬ ዘህራና ያ ቡናማ መስመር ያለበት ሞተርሆማቸው፣ በጎማ የሚሄደው ቤታቸው፣ ፊቴ ላይ ድቅን ብለው ነበር።

ያኔ ኦክላንድ ነበርኩ። እኔና በላይ ሁለት መኪና ብቻ የምታስገባ ጋራዥ ተከራይተን እንሠራ ነበር። በላይ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ነው፤ ሶማሌ ተራ አንድ ጌታ ሥር ሆነን ሙያ የተማርን፣ አንዱን ካቻቪቴ ተሻምተን ያደግን። ቤንዚን ጋሎኑ አንድ ዶላር ከምናምን፣ የቤይ ብሪጅ ክፍያ አንዲት ዶላር፣ ጥግ ላይ ካለው ዶናት ቤት ቡና በሃምሳ ሳንቲም የሚገኝበት ጊዜ። ሁላችንም ወገባችን ላይ ፔጀር የሚሉትን ትንሽ መጥሪያ አንጠልጥለን፣ ሲጮህ የስልክ ሳጥን ፍለጋ እንሮጣለን። እኔ ሳን ሆዜ ካለው የእሑድ ገበያ የገዛሁት ቡኒ የቆዳ ጃኬት ነበረኝ፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ከክንዴ የረዘመ፤ ግን ከሱ የሚበልጥ ልብስ ያለ አይመስለኝም ነበር። የጋራዡ ራዲዮ አንድ ካሴት ውጦ አልመልስ ስላለ ዓመቱን ሙሉ እነዚያኑ የፍቅር ዘፈኖች ስንሰማ ነው የከረምነው። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ ድምፁ ይወፍራል፤ እኔና በላይም አብረን ድምፃችንን እናወፍራለን። ደንበኞች ይስቁብን ነበር። ዛሬ ያ ጋራዥ የነበረበት ቦታ አፓርትማ ቆሞበታል፤ ታችኛው ፎቅ ላይ ውሻ የሚያጥቡበት ሱቅ አለ።

መቼም ራስን ማመስገን አይሆንልኝም ብል እዋሻለሁ። በዚያን ጊዜ ከሳን ሆዜ እስከ ዳሊ ሲቲ ያለው የእኛ ሰው መኪናው ከተንቀጠቀጠ የሚያመጣው ወደ እኔ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ወለሉን በእግሬ መዳፍ ነው የማዳምጠው። መሪው ላይ ከመጣ የፊት ጎማ ነው፤ መቀመጫ ላይ ከመጣ የኋላ። ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ያለው ነገር ነው፤ ቆሞም ሞተሩ ሲጮህ የሚመጣ ከሆነ ሞተሩ ነው። ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ ግን ከመጽሐፉ በፊት እግሬ ይነግረኝ ነበርና ሰዉ «ግርማ በእግሩ ነው የሚሰማው» እያለ ያወራልኝ ጀመር። ወሬውን ስሰማ ላለመሳቅ ከንፈሬን እነክስ ነበር። ኩራቱ ግን ገብቶብኝ ኖሯል።

እትዬ ዘህራና ባለቤታቸው ጋሽ ኢድሪስ የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ የዕድሜያቸውን ግማሽ አዲስ አበባ የኖሩ፣ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚናገሩ። ጋሽ ኢድሪስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ኦክላንድ ውስጥ አንድ የልብስ ንጽህና ቤት ጓዳ ተቀምጠው የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን መኪናውን ከማሳየታቸው በፊት የጃኬቴን እጅጌ ይዘው «ይኼን ማን ሰፋው? አምጣው እንጂ አሳጥርልሃለሁ» አሉኝ። እትዬ ዘህራ ደግሞ አጭር፣ ክብ፣ ሁልጊዜ ነጭ ነጠላቸው የታጠበ፣ ከጋሽ ኢድሪስ ይልቅ ቶሎ የሚወስኑ ሴት ነበሩ። ያን ሞተርሆም የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ስቶክተን ከሚኖር አንድ ሽማግሌ። ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ መጋረጃው ብርቱካንማ፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር የተሰመረበት፣ ከኔ ብዙ የማያንስ ዕድሜ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት።

የገዙበት ምክንያት እህታቸው ናት። ታናሽ እህታቸው ሀዋ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሱዳን ወጥታ ከሰላ ከተማ ቀረች። ሁለቱ ሳይተያዩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ሀዋ ሲያትል ገባች። ስትገባም ደህና አልነበረችም፤ ደረቷን ያማታል፣ ሆስፒታል ትመላለሳለች። እትዬ ዘህራ ደግሞ ጆሯቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሐኪሙ ከአውሮፕላን ከልክሏቸው ነበር። «ክረምቱን አላምነውም፤ ተራራው ላይ በረዶ ከመውረዱ በፊት ዓይኗን ማየት አለብኝ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ያኔ መስከረም እያለቀ ነበር። ካሊፎርኒያና ኦሪገንን የሚለየው ተራራ ላይ በረዶ ከወረደ፣ እንኳን መንጃ ፈቃዱን በስተርጅና ያወጣ ልብስ ሰፊ፣ የለመደ ሾፌርም ያን ግዙፍ ነገር አይነዳውም።

ችግሩን የነገሩኝ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። «ሠላሳ ላይ ሰላም ነው። አርባ ላይ ሰላም ነው። ሃምሳ አምስት ላይ ግን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ሲያትል ልንሄድ ወጥተን ቫሌሆን አልፈን ተመለስን። እሷ ፈራች፤ እኔም ፈራሁ።» መኪናውን ስረከብ አፌን ያዝኩ። እንዲያ የጸዳ መኪና ጋራዣችን ገብቶ አያውቅም። ምንጣፉ በቫኪዩም ተጠርጎ የመጥረጊያው መስመር ይታያል። የመታጠቢያው መስታወት ያበራል። ሽቶ ተረጭቷል። ሾፌሩ ወንበር ላይ በፎጣ የተሸፈነ ትኩስ ሕምባሻ፣ ለእኔና ለበላይ። በላይ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እስቲ አስቡት፣ መካኒክ ጫማውን አውልቆ! ሌሎች ደንበኞች መኪናቸው ውስጥ የዶሮ አጥንት ጥለው ሲመጡ «የእትዬ ዘህራን ቤት አይታችኋል?» እያልኩ እሰብክባቸው ነበር።

ይዤው ወጣሁ። ፍሪዌዩ ላይ ሃምሳ አምስት ነዳሁት፤ ምንም። ስልሳ፤ ምንም። ጫማዬን አውልቄ በላይን አስነዳሁት፤ ለስላሳ ነው። እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግ አወረድኩና ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች፣ ክሮቼራ የምንላቸውን፣ በአዲስ ቀየርኳቸው። አንደኛው በእርግጥ ትንሽ ተበልቶ ነበርና «ይኸው አገኘሁት» ብዬ መለስኩላቸው። እትዬ ዘህራ ግንባሬን ሳሙኝ። ከአራት ቀን በኋላ ጋሽ ኢድሪስ ፔጅ አደረጉኝ። እንደገና ወጥተው ቫካቪል ከተማ ደርሰው ነው የተመለሱት። መኪናው በማግስቱ እንደገና ጸድቶ፣ ተጠርጎ፣ ሕምባሻው ተቀምጦ መጣ። አሁንም ይዤው ብወጣ ምንም የለም። ዘንጉን አውርጄ ሚዛን የሚያስተካክል ሰው ዘንድ ላክሁ። የኋላ ጎማዎቹን አዙሬ ገጠምኩ። «አሁን ጨረስን» አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስተኛ ጊዜም ከመንገድ ተመለሱ። ጥቅምት ገባ።

እዚህ ላይ የማልኮራበትን ነገር መናገር አለብኝ። በሦስተኛው ጊዜ መኪናውን ነድቼ፣ ለስላሳ ሆኖ አግኝቼው፣ ስመለስ እትዬ ዘህራ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «አገኘኸው?» አሉኝ። እኔም በዚያ በታወቀው እግሬ ኮርቼ፣ ሦስት ጊዜ ተሸንፌ ተናድጄ፣ ፈገግ ብዬ «እትዬ፣ መኪናው ደህና ነው። አንዳንድ ጊዜ እኮ ፍርሃትም ያንቀጠቅጣል» አልኳቸው።

ረጅም መንገድ፣ የማያውቁት አገር፣ የታመመች እህት፤ እኚህ አሮጊት ፈርተው ነው ማለቴ ነበር። ገብቷቸዋል። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ደክመሃል» አሉና ቁልፉን ተቀበሉኝ። ጋሽ ኢድሪስ ወደ እኔ ሳያዩ አስነስተው ወጡ። በላይ ከሥራው ቀና ብሎ «አጠፋህ» አለኝ። «ምን አልኩ?» ብዬ ብጠይቀው «ውሸታም ናቸው ነው ያልካቸው፤ በጨዋ ቋንቋ» አለኝ። ያን ቀን ሥራ አልገፋልኝ አለ። ካሴቱ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስም አንዳችንም ድምፃችንን አላወፈርንም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዛሁና ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። የሚኖሩት ዛሬ አፕታውን እያሉ በሚጠሩት ሰፈር ነው። ያኔ አፕታውን የሚለው የለም፤ ዊግ መሸጫው፣ የተዘጋው ሲኒማ ቤት፣ መስኮቱ በሣንቃ የተመታ የጫማ ሱቅ ነበር ምልክታችን። አሁን እዚያ አንድ ብርጭቆ የሎሚ ውሃ በስንት እንደሚሸጥ ልጄ ነግራኝ ማመን አቅቶኛል። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። ጋሽ ኢድሪስ ከፈቱልኝ፤ ፊታቸው ባይፈታም «ግባ» አሉኝ። ልገባ ብል መግቢያ የለም። ሳሎኑ ከወለል እስከ ወገቤ ድረስ በካርቶን ተሞልቷል። ካርቶን ላይ ካርቶን፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የብረት እግር ያለው የስፌት መኪና፣ የጤፍ ዱቄት ጆንያ፣ የብረት ድስት፣ የምግብ ሳሕን ስብስብ። ተሻግሬ እንጂ ተራምጄ አልገባሁም።

«ቤት ልትቀይሩ ነው?» አልኩ።

እትዬ ዘህራ ከወጥ ቤት ወጡ። ቂም የሌለበት ፊት ነበራቸው፤ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። «አይ፣ የሀዋ ዕቃ ነው» አሉ። «እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ኢድ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እገዛላታለሁ። መላኪያ የለኝ፤ አስቀምጥላታለሁ። ልጅ ወለደች ሲሉኝ ብርድ ልብስ። ሞተባት ሲሉኝም ገዛሁ፤ ምን እንደምገዛ ግራ ገብቶኝ ድስት ገዛሁ። ስፌት መኪናውን ኢድሪስ ነው የመረጠላት። ጫማውን ሦስት ቁጥር ገዛሁ፤ እግሯ ምን ያህል እንዳደገ አላውቅማ! ትንሽ ልጅ ሆና ነው የተለያየነው።» ሳቁና ደግሞ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ወዴት ነው የሚገባው?» አልኩ፤ እስካሁን አልገባኝም።

«ሞተርሆሙ ውስጥ ነዋ! ለሱ አይደል የገዛሁት? ሞልተን ነው የምንሄደው።»

«ትናንትስ? ወደ እኔ ስታመጡት?»

እትዬ ዘህራ በጣም የሚያስገርም ጥያቄ የጠየቅኋቸው ያህል አዩኝ። «እንዴ! ጓዛችንን ጭነን ሰው ዘንድ እንመጣለን? አንተ ከሥሩ ተኝተህ ልትሠራ፣ እኛ ከላይ ስፌት መኪና ጭነንብህ? ከመንገድ በተመለስን ቁጥር ሌሊቱን ሁሉ አውርደን፣ ጠርገን፣ አጥበን ነው ያመጣንልህ። ያላፀዳነው ጊዜ አለ እንዴ?»

ብርቱካኑን ይዤ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ይህን ሁሉ የተሸከመ መኪና ነው። ሦስት ጊዜ እኔ የነዳሁት ባዶ ቤት ነው። ጥፋቱ ግን የእሳቸው አልነበረም። እኔም ከነበላይ በዚያ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ጫማዬን አውልቄ ስገባ አንድ ቁም ሣጥን እንኳ ከፍቼ አላየሁም፤ የሰው ጓዳ አይከፈትምና። «ምን ጭናችሁ ነበር?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሰውን ምን አለህ አይባልምና። እነሱ እኔን አክብረው፣ እኔም እነሱን አክብሬ፣ መኪናው መሀል ላይ ቀረ። የዚህ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ቆሻሻውንም ዕቃውንም ይዞ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን ይፈታልኝ ነበር። ብድግ አልኩና የእትዬ ዘህራን ጉልበት ያዝኩ። «ይቅር ይበሉኝ። ፍርሃት አይደለም። እርስዎ ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ የሳትኩ» አልኳቸው። «ተነስ፣ ተነስ፣ ምን ሆነሃል?» ይላሉ፤ እኔ ግን እየሳቅሁም እያፈርኩም ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ ነገሩ ሲገባቸው ግንባራቸውን መቱ። «እኔ ኮት ስለካ ሰውየውን ሸሚዙን አስለብሼ ነው» አሉ። «አንተ ደንበኛህን ራቁቱን ለክተህ ነው ኮቱ የጠበበው!» ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ይቺን እየደገሙ ሲስቁብኝ ኖረዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

በላይን ጠርተን በዚያው እሑድ ከሰዓት ጫንነው። ደረጃው ጠባብ፣ ስፌት መኪናው ከባድ፤ እትዬ ዘህራ ከላይ ሆነው «ቀስ! ሳሕኑን!» ይላሉ። ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ የሞተርሆሙ ጀርባ ወደ መሬት ተጎንብሶ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነበር። እዚያው ቆሜ ሳየው አፈርኩ፤ ለማየት እግርም መጽሐፍም አያስፈልገውም። ጋሽ ኢድሪስ እየነዱ፣ በላይ ጎናቸው ተቀምጦ፣ እኔ መሀል ወለል ላይ በካርቶኖች መካከል በደረቴ ተኝቼ ወደ ሄይዋርድ አቅጣጫ ወጣን። እትዬ ዘህራ ትልቁን ድስት ጭናቸው ላይ አቅፈው ነበር። በላይ ፍጥነቱን ይጠራልኛል። «አርባ። አርባ አምስት። ሃምሳ።» ከዚያ «ሃምሳ አምስት» ሲል መጣ። ከወለሉ በመዳፌ ገብቶ ጥርሴ ድረስ ደረሰ፤ የሳሕኖቹ ስብስብ መንጫጫት ጀመረ፤ የድስቱ ክዳን በእትዬ ዘህራ ጭን ላይ ዘለለ። «ማርሹን ኒውትራል ያድርጉት፣ ጋሽ ኢድሪስ!» ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ መንቀጥቀጡ አልቆመም። እንግዲህ ሞተሩ አይደለም፤ ከኋላ ነው። «አያችሁ? አያችሁ?» ይላሉ እትዬ ዘህራ፣ ክዳኑን እየያዙ፣ በደስታ። እኔም በሕይወቴ በመኪና ብልሽት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጭነቱን ሳላወርድ ከሥሩ ገባሁ። እትዬ ዘህራ ጋራዡ ድረስ መጥተው «ዕቃው ይከብድሃል፤ ላውርደው?» ቢሉኝ ለመንኳቸው፣ አንዲት ማንኪያ እንኳ እንዳያነሱ። የኋላ ጎማዎቹን ተሸክሞ የሚይዘው ባሌስትራ አርጅቶ ልፍስፍስ ብሏል። ባዶ ሲሆን ይቆማል፤ ሲጫን ይተኛል። ሲተኛም ረጅሙ ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን ያጣምመዋል። ፊትና ኋላ ያሉት ሁለቱ ክሮቼራዎች እኩል መታጠፍ አለባቸው፤ አንዱ ብዙ ሌላው ጥቂት ከታጠፉ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይገፋል፣ ይስባል። የአናጺ ማዕዘን መለኪያ አስጠግቼ ብለካ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር። አዲስ ባሌስትራ ማዘዝ ትክክለኛው ሥራ ነው፤ እሱ ግን ከሌላ ስቴት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ነው፣ የበረዶው ወሬ ደግሞ በቴሌቪዥን ጀምሯል። እኔና በላይ ተመካከርንና ሁለት የብረት ሽብልቅ በባሌስትራውና የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክሱል መሀል አስገብተን የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ልኩ መለስነው። ማክሰኞ ጠዋት ከነጭነቱ እስከ ሳን ሆዜ ደርሰን ተመለስን። ስልሳ ማይል ላይ የድስቱ ክዳን አልተነቃነቀም።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። እትዬ ዘህራ ከመስኮት ብቅ ብለው እጃቸውን ሲያውለበልቡ በላይ መንገዳችሁ ይቅና ብሎ ከኋላቸው መንገዱ ላይ ውሃ ደፋላቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ለእኔ ረጅም ነበሩ። ፔጀሬን ሃምሳ ጊዜ እያየሁ፣ ባትሪውን እየፈተሽኩ። ዓርብ ከሰዓት የጋራዡ ስልክ ጮኸ። ኮሌክት ኮል ነው። የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ማሽኑ የደዋዩን ስም ያስቀዳና «ክፍያውን ትቀበላላችሁ?» ይላል። የእኛ ሰው በስሙ ፋንታ መልእክቱን በአንድ ትንፋሽ ያስገባና ሰሚው «ኖ» ብሎ ይዘጋል፤ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ አገር ለአገር ይወራል። ስም በሚነገርበት ቦታ የእትዬ ዘህራ ድምፅ መጣ፤ «ደርሰናል ሀዋን አቅፌያታለሁ አልሐምዱ—» ማሽኑ ቆረጣቸው። «ኖ!» አልኩና ስልኩን ዘግቼ በላይ ላይ ተጠመጠምኩበት። ሁለታችንም ዘይት በዘይት ሆንን።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ሌላ ኮሌክት ኮል መጣ። ስም በሚነገርበት ቦታ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው፤ «ኢድሪስ ነኝ ዛሬስ ተቀበል» ይላሉ። ተቀበልኩ።

«ግርማ፣ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ።

«የት ነዎት?»

«ኦሪገን። ነዳጅ ማደያ ቆመናል። ስንሄድ እንደ ሐር ነበር። ከሲያትል እንደወጣን ጀመረው። ሃምሳ አምስት ላይ፤ ያው እንደ በፊቱ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አእምሮዬ ወዲያው አየው። ሽብልቁን የቆረጥኩት ለተጫነው መኪና ነው። ጀርባው ተኝቶ ሳለ ልክ ያደረግሁት ማዕዘን፣ ባዶ ሆኖ ሲቆም ይዛባል። መሄጃውን አስቤ መመለሻውን አላሰብኩም፤ አልነገርኳቸውምም። ባዶ ቤት ነድቼ ሦስት ጊዜ ሳትኩ፣ አሁን ደግሞ የተጫነውን አይቼ ባዶውን ረሳሁ። «ጋሽ ኢድሪስ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በአርባ አምስት ቀስ ብለው ይምጡ፣ ምንም አይሆንም፣ እንደደረሱ እኔ—» ብዬ መንተባተብ ስጀምር ስልኩ ተንኮሻኮሸ፤ እትዬ ዘህራ ነጥቀዋቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያልከው ነው? ፊቱ ጠቆረብኝ እኮ።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሠራሁት ለጭነቱ ነው። ዕቃው ሲወርድ እንደሚንቀጠቀጥ ማወቅ ነበረብኝ። ባዶውን አላሰብኩም።»

ከኋላቸው መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ፤ ያን ሳቅ ጋራዥ በር ላይ ነጠላቸውን ይዘው ቆመው ከነበሩት ሴት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

«ባዶ ስለሆነ ነው?» አሉ። «ማንኪያ ሳትቀር አውርጄላት፣ እህቴን አሥር ቀን አቅፌ ተኝቼ ስለመጣሁ ነው? ይንቀጥቀጥ!»

ስልኩን ሳይዘጉት ወደ ባላቸው ዞረው «ንዳው፣ ኢድሪስ» ሲሏቸው ሰማሁ።